የቀኙ ግድግዳ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት የክፍሉን ልክ ልጽፍበት ነበር። ርዝመት፣ ወርድ፣ ከፍታ፣ የጣውላ ውፍረት። ገና በመጀመሪያው ገጽ ግን ሌላ ነገር መጻፍ አሰኘኝ።

ዛሬ የባለቤቴን የስፌት መኪና ከጓሮ ክፍሏ አውጥተን ወጥ ቤቱ በር አጠገብ አስቀመጥነው። ክፍሏ ከእንግዲህ የኔ ስቱዲዮ ናት። ጠባብ ናት፤ አራት ሰው ከተቀመጠባት አምስተኛው ቆሞ ነው የሚያዳምጠው። ድምፅ ከዙሪያ ለሚመጣበት ሰራውንድ ግን ትበቃለች። ሦስት ስፒከር ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ መሐል ላይ እኔ። «ውሰዳት፣ ለኔ ብርሃን ያለበት ጥግ ይበቃኛል» ብላ ነው የሰጠችኝ። ሁለተኛ እንድለምናት እንኳ አላደረገችኝም። መኪናውን ስንሸከም ግን ፊቷን ማየት ፈራሁ።

የመጀመሪያው ሥራዬ የአንዲት ዳይሬክተር ፊልም ድምፅ ማቀናበር ነው። ለሷም የመጀመሪያ ረጅም ፊልሟ ነው። ከባቡር ሐዲድ አጠገብ የምትኖር ልጅ የጠፋ ወንድሟን ትጠብቃለች። መጨረሻ ላይ ባቡሩ ከተመልካቹ ኋላ፣ ከቀኝ ጥግ መጥቶ በሰው ሁሉ አናት ላይ አልፎ ወደ ፊት ግራ ይሄዳል። ልጅቷ ባቡሩን ከማየቷ በፊት መስማት አለባት፤ ተመልካቹም ከሷ ጋር። ዳይሬክተሯ «ጋሼ፣ ፊልሙ ማለት ያ ባቡር ነው፤ ሌላው ማጀቢያ ነው» ብላኛለች። ትልልቅ ስቱዲዮዎች እያሉ ለኔ የሰጠችው ስለ ጆሮዬ ሰዎች ስለነገሯት ነው። በሙያችን ውስጥ ስሜን የማያውቅ ሁሉ «ጆሮው» ነው የሚለኝ። ባቡሩን ካበላሸሁ ከዚህ ስም ጋር መሰነባበቴ ነው።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

አናጢው ሥራ ጀመረ። «ውሃ ልክ» ነው የሚሉት፤ መሣሪያውን ከኪሱ ሳያወጣ ሰላም አይልም። ገብቶ መጀመሪያ መስኮቱ ላይ አስቀመጣት፣ ቀጥሎ በሩ ላይ፣ ከዚያ እኔን ሰላም አለኝ።

የድሮው ወለል ሴራሚክ ነው። አንዴ ሲያጨበጭቡበት ሦስቴ ይመልሳል። እሱን አንስተን ላስቲክ እናነጥፋለን፣ በላስቲኩ ላይ የእንጨት ወራጅ፣ በወራጁ ላይ ድርብ ጣውላ። ዋናው ነገር ወለሉ የትኛውንም ግድግዳ እንዳይነካ ነው። ከነካ የመንገዱ መኪና ድምፅ ሁሉ በእንጨቱ አድርጎ ስቱዲዮ ይገባል።

«ግድግዳ ካልነካ ምን ላይ ሊቆም ነው?» አለኝ።

«ላስቲኩ ላይ።»

«እንደ ጀልባ በለኛ! ወንድሜ፣ ልታዳምጥ ነው ወይስ ልትሳፈር?»

የካቲት 9፣ እሑድ

ጉንፋን ያዘኝ መሰለኝ። ጠዋት ስነሳ ቤቱ ዞረብኝ፤ ቁም ሳጥኑን ይዤ ነው የቆምኩት። ቀኝ ጆሮዬ ጥጥ የተወተፈበት ይመስላል። ሲያዛጉ ይከፈታል ይባላል፤ ቀኑን ሙሉ ሳዛጋ ዋልኩ። ባለቤቴ «እንቅልፍ ነው?» አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት። ነገ ተነገ ወዲያ ይለቀኛል።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ወለሉ አለቀ። እንዴት ያለ ወለል! ተራመድኩበት፣ ዘለልኩበት፣ መዶሻ ጣልኩበት። ድፍን ያለ፣ ዝም ያለ ወለል። ውሃ ልክ አራቱም ጥግ ላይ መሣሪያውን እያስቀመጠ ያቺን የአየር አረፋ መሐል ላይ ስትቆም እንድመለከት አስገደደኝ። በመጨረሻ መሣሪያዋን ሳማት።

አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ። ክፍሉ ውስጥ ጭው የሚል አለ። ቀጭን፣ የማያቋርጥ። ከመብራቱ ይሆናል።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ባለ መብራቱ መጣ። አምፖሎቹን ሁሉ ለወጠ። ጭውታው አለ።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ባለ መብራቱ እንደገና መጣ። ዛሬ ከቆጣሪው አጠፋው። በሩን ዘግተን እኔ፣ እሱና ውሃ ልክ ጨለማ ውስጥ ቆመን አዳመጥን።

«አሁንስ?» አለ።

«አለ።»

«እኔ የምሰማው የሆዴን ጩኸት ብቻ ነው፤ ምሳ አልበላሁም» አለ ውሃ ልክ።

ሰው ሁሉ እኔ የምሰማውን ቢሰማ ኖሮ ጆሮው የምባለው እኔ አልሆንም ነበር። ከጎረቤት የሚመጣ ነገር ይሆናል። ግን መብራት በሌለበት ምን ይጮኻል? አልገባኝም።

ሌላም ያልገባኝ ነገር አለ። ከተጋባን ጀምሮ ለሥራ ስወጣ ባለቤቴ በር ላይ «አይዞህ» ትለኛለች። እኔም «የምን አይዞህ ነው፣ ጦር ሜዳ አልሄድ!» እላታለሁ። ይሄ የኛ ሰላምታ ነው። ዝናብም ቢሆን፣ ተኳርፈንም ብናድር አስቀርታው አታውቅም። ከዚህ ሳምንት ወዲህ ግን ቀረ። ጠዋት በወጥ ቤቱ በር ወደ ጓሮ ስወጣ በስተቀኜ መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ትሰፋለች። ቀና አትልም። ክፍሏን ስለወሰድኩባት ነው። አፍ አውጥታ ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ድምፅ የሚውጡትን የግድግዳ ፓነሎች ጀመርን። ውሃ ልክ የእንጨት ፍሬም ይሠራል፤ እኔ ውስጡን ከድንጋይ በሚሠራው ሱፍ እሞላዋለሁ፤ ባለቤቴ ላዩን ጨርቅ ትወጥርለታለች። ሱፉ ያሳክካል። ሦስታችንም ስናክ ዋልን።

ከባለቤቴ ጋር ግን አልተግባባንም። በቀኜ ቆማ ጨርቁን እየወጠረች የሆነ ነገር ትላለች። «ምን አልሽ?» እላለሁ። ትደግመዋለች። «ምን አልሽ?» እላለሁ። ስፒሎቹን ከንፈሯ ላይ ደርድራ ስለምታወራ ነው።

«ስፒሉን አውጥተሽ አውሪ እንጂ!» አልኳት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳይሆን አይቀርም፣ ውሃ ልክ መዶሻውን አቆመ። እሷ ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። በሰው ፊት እንዲህ ማለት አልነበረብኝም።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ስፒከሮቹ ተሰቀሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ የጠበቅኩት ቀን ነው፤ ደስታዬ ግን አንድ ሰዓት አልቆየም። የቀኞቹ ደካማ ናቸው። የፊቱም የኋላውም። ግራ በኩል ሰው ከጎኔ ተቀምጦ የሚያወራኝ ይመስላል፤ ቀኝ በኩል ጎረቤት ቤት ያለ።

ገመድ ቀየርኩ። ያው። የግራውን ስፒከር አውርጄ ቀኝ፣ የቀኙን ግራ ሰቀልኩ። ሰነፉ ወደ ግራ ሲሄድ ጎበዘ፤ ጎበዙ ወደ ቀኝ ሲመጣ ሰነፈ። እንግዲህ ጥፋቱ የስፒከር አይደለም፣ የገመድም አይደለም። የቀረው ግድግዳው ነው። የቀኙ ሱፍ ድምፁን እየበላብኝ ነው።

ግራውም እኮ ያው ሱፍ፣ ያው ውፍረት፣ ያው ጨርቅ ነው። እዚያ ለምን አይበላም? አላውቅም። ክፍልም እንደ ሰው ነው፤ ተኗኑረው ነው ጠባዩ የሚታወቀው።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

የቀኙን ፓነሎች አስነሳሁ። በምትኩ ድምፅ እንዲመልስ ለስላሳ ስስ ጣውላ አስመታሁ። የተነሱትን ፓነሎች በግራው ላይ ደረብናቸው።

ውሃ ልክ ሲጨርስ በር ላይ ቆሞ ግራና ቀኙን አየና «ግማሹ ሰው ካፖርት ለብሷል፣ ግማሹ ሸሚዝ አውልቋል» አለ።

ትንሽ የተሻለ መሰለኝ። ትንሽ።

የካቲት 28፣ ዓርብ

አማቴ ምሳ በሉ። እጄን ልታጠብ ስወጣ በኮሪደሩ ሰማኋቸው፤ «ባልሽ ጠግቧል። አጠገቡ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ ባናግረው ዞር ብሎም አላየኝ» ይሏታል። ባለቤቴ «ሥራ ይዞት ነው እማዬ፣ ልቡ እዚህ የለም» አለች።

መቼ ነው ያናገሩኝ? ሾርባዬን እየጠጣሁ ነበር። ደግሞስ እናቷ ፊት ጥብቅና የቆመችልኝ ሴት ለኔ ለራሴ አንዲት ቃል ለምን ትነፍገኛለች? ዛሬም ጠዋት አላለችኝም።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

አሁንም ቀኙ ይሰንፋል። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ፤ የቀረው ምንጣፉ ነው። ጣውላው ላይ ያነጠፍነው ወፍራም ምንጣፍ ነው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። ዛሬ ውሃ ልክን መሐል ለመሐል እንዲቆርጠውና የቀኙን ግማሽ እንዲያነሳ ነገርኩት።

«ይሄን ምንጣፍ? አዲሱን?»

«አዲሱን።»

«ክፍሉ በአንድ እግሩ ጫማ አድርጎ ሊሄድ ነው» አለ። ቢላዋውን ይዞ ትንሽ ቆየ፣ ሐሳቤን እንድለውጥ የጠበቀኝ ይመስላል። ከዚያ ቆረጠው። በኋላ ጓሮ ቆሞ ስልክ ሲያወራ ሰማሁት፤ «የሠራሁትን መልሼ እያፈረስኩ ነው፤ ሰውየው ምን እንደሚፈልግ እሱም አላወቀውም» ይላል። ልክ ነው፤ አላውቀውም።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ባልንጀራዬ የክፍል መለኪያ ማይክሮፎኑን አዋሰኝ። ወንበሬ ላይ አቁሜው ለካሁ። ማሳያው ላይ የወጣውን ሳየው ሳቄ መጣ። ቀኙ እጅግ ይጮኻል ይላል፤ ግራው ደክሟል ይላል። የኔ ተቃራኒ!

ገመዱን ገልብጬ የሰካሁ መሰለኝ፤ አረጋገጥኩ፣ አልገለበጥኩም። ደግሜ ለካሁ። ያው። ማይኩ ወድቆ ተጎድቶ ይሆናል። ባልንጀራዬ «ለኔ አዲስ ነው፣ ወድቆ አያውቅም» ይላል። ውሃ ልክ «እሱ ምን አለ?» ሲለኝ «ውሸታም ነው» አልኩት። ዛሬውኑ መለስኩት።

አንድ ማሽን ከጆሮው ይበልጣል?

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ባቡሩን ጀመርኩ። አይመጣም። ካለፈ በኋላ ነው የሚሰማው። ጨመርኩለት። አሁንም። ጨመርኩለት።

ዕቃ ልገዛ ስወጣ አንድ መኪና ሊገጨኝ ለጥቂት። ክላክስ እንኳ ሳያደርግ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ደንቆሮ! አትሰማም?» አለኝ። አብረውኝ የሚሻገሩ ሰዎች ሁሉ ቆመው ያዩኝ ነበር።

ስልኬም ተበላሽቷል። በግራ ካልያዝኩት አይሰማም።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ቤቱ ሁሉ ተኝቷል። እኔ ይህን ደብተር ወደ ኋላ እየገለጥኩ አነበብኩት። የክፍሉ ልክ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። የቀረው ሁሉ ክስ ነው። አምፖሉን ከስሻለሁ፣ ሱፉን፣ ጣውላውን፣ ምንጣፉን፣ ማይኩን፣ ሹፌሩን፣ ስልኩን። ባለቤቴን ደግሞ በየገጹ።

ምን ሆኜ ነው? በፊት ነገር የሚገባኝ ሰው ነበርኩ። አንድ ክፍል ገብቼ አንዴ ሳጨበጭብ ምን እንደጎደለው እናገር ነበር። አሁን አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። ሰዎች ከኔ ጋር ሲያወሩ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ወይም አያወሩኝም። ቡና ቤት ስቀመጥ ግድግዳው በቀኜ እንዲሆን ጥግ መፈለግ ጀምሬያለሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንዲያ ሲሆን ይቀለኛል። ጉንፋኑም አልለቀቀኝም። እንዲህ የሚቆይ ጉንፋን አለ እንዴ?

ድካም ነው። ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ዳይሬክተሯ ልታዳምጥ መጣች። ወንበሬን ለቀቅኩላት። መብራቱን ቀነስኩ። ከኋላዋ ቆሜ ትከሻዋን ነው የማየው፤ ደንበኛ ሲወድ ከትከሻው ይታወቃል።

ትከሻዋ ከመጀመሪያው ወደ ግራ ሸሸ። ባቡሩ ሲመጣ ጆሮዋን በእጇ ይዛ ከወንበሩ ተነሳች።

«ጋሼ፣ ይሄ ባቡር አልመጣም፤ ገጨኝ!»

«ትንሽ ቀነስ ይደረግ?»

«መቀነስ ብቻ አይደለም። ሰዎቹ ሁሉ ለምንድን ነው ቀኝ በኩል ተከማችተው የሚያወሩት? ፊልሙ እኮ ተጋደመ።»

«ወንበሩን ወደ ግራ ሳብ አድርጊው» አልኳት። የምናገረውን ራሴ አላመንኩትም። ሳበችው። እንደገና ከፈትኩ። እስከ መጨረሻው አልሰማችውም፤ ተነስታ ቦርሳዋን ያዘች። ከዚያ ገመዶቹን ስጠቀልል ቀና ብል ፊት ለፊቴ መጥታ ቆማለች፤ ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ፈልጌ ያገኘሁት ሐዘኔታ ነው። ከጎኔ ቆማ ስታናግረኝ ቆይታለች ማለት ነው።

«እስከ ሰኞ እጠብቃለሁ» አለች ቃል በቃል ረገጥ እያደረገች። «አዳራሹ ቀን ተይዞለታል። ካልሆነ ሌላ ቦታ እወስደዋለሁ። አትቀየመኝ ጋሼ።»

በመስኮቱ አየኋት። ከባለቤቴ የስፌት መኪና አጠገብ ቆማ ለረጅም ጊዜ አወራቻት። ሁለቱም ወደ ስቱዲዮው ዞረው ተመለከቱ። እኔ ከመስኮቱ ሸሸሁ። ለምን እንደሸሸሁ አላውቅም፤ ልጅ ሆኜ ዕቃ ሰብሬ የምሸሸግ ይመስል ነበር።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ቀስ ብዬ መጻፍ አለብኝ።

ከምሳ በኋላ ባለቤቴ ስቱዲዮ ገባችና በሩን ዘጋች። ክፍሉ ከተወሰደባት ወዲህ ሳትጠራ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው።

«ተቀመጥ» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

«ዓይንህን ጨፍን።»

«ልጆች ነን እንዴ?»

«ጨፍን አልኩህ። እዞርና እጠራሃለሁ። ድምፄ በመጣበት ጣትህን ቀስር።»

ጨፈንኩ። ጫማዋን አውልቃለች፤ ኮቴዋ አይሰማም። የውሃ ልክ ወለል ነዋ! እንደዚያ ሆኜም ኮራሁበት። «እዚህ ነኝ» ስትል ወደ ግራ ጠቆምኩ። «እዚህ ነኝ።» ግራ። «እዚህስ?» ቀጠን ብሎ መጣ፤ ግራ። ቦታ የማትቀያይረው ሆነ ብላ ልታታልለኝ መሰለኝና ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ ዝም አለች። ጠበቅኩ። ዝም። ትታኝ የወጣች መሰለኝና ዓይኔን ገለጥኩ።

በቀኜ ቆማለች። ትንፋሿ ትከሻዬ ላይ ይደርሳል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ምን አልሽ?» አልኩ።

«በየጠዋቱ የምልህን ነዋ» አለች። ወንበሩን ዞራ ወደ ግራዬ መጣችና ጎንበስ ብላ «አይዞህ» አለችኝ።

«በየጠዋቱ?»

«አንድም ቀን አላቋረጥኩም። ስትወጣ እልሃለሁ፤ ዝም ብለህ ታልፋለህ። ‹ጦር ሜዳ አልሄድ› ትለኝ የነበረው ሲቀር ጊዜ፣ ስቱዲዮ ሲኖረው እኔን ናቀኝ አልኩ። ለእማዬ አልነገርኳትም እንጂ እኔም ጠግቧል ብዬ ነበር። ትናንት ዳይሬክተሯ ‹ቀኝ ጆሮው ይሰማል ወይ?› ብላ ስትጠይቀኝ ነው የባነንኩት።»

ሙዚቃ ከፈትኩና ግራ ጆሮዬን በመዳፌ ደፈንኩት። አምስቱም ስፒከሮች ጠፉ። ባለቤቴ ጠፋች። ጭውታው ብቻ ቀረ።

ይሄ ብቻ ነበር። አንድ መዳፍ። ከየካቲት ጀምሮ በየትኛውም ጠዋት ላደርገው የምችለው ነገር ነበር። ስፒከር አገላብጬ፣ ግድግዳ አስፈርሼ፣ አዲስ ምንጣፍ አስቆርጬ ይህቺን ብቻ አለማድረጌ ሳላውቅ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። አይደለም። እጄን እዚያ ላለማድረስ ነው ይህን ሁሉ የዞርኩት። አለቀስኩ። ይዛኝ ቆየች። በየትኛው ጎኔ እንደነበረች አላስታውስም።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

የጆሮ ሐኪሙ አንድ ክፍል ውስጥ አስገባኝ። ግድግዳው ላይ የለጠፉትን ሱፍ አይቼ በልቤ ተቸሁት። ልማድ ክፉ ነው።

ነርቩ ነው አለ። «መቼ ጀመረህ?» አለኝ። የጉንፋኑን እሑድ ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«በመጀመሪያው ሳምንት፣ ቢበዛ በሁለተኛው ብትመጣ ጥሩ ዕድል ነበረህ። አሁንም መድኃኒቱን እንሞክራለን። ግን ተስፋ ልስጥህ አልችልም።»

በነዚያ ሳምንታት እኔ አምፖል እያስለወጥኩ ነበር።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ለዳይሬክተሯ ደወልኩ። በግራ ጆሮዬ። ሁሉንም ነገርኳት፤ የሐኪሙንም፣ የግድግዳውንም። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሃሎ አልኩ።

«ፊልሜን በግማሽ ጆሮ ነው ስትሠራው የነበረው?»

«አዎ።»

«ይሄን መቼ አወቅክ?»

«ሐሙስ። ወይም ከዚያ በፊት። እኔም አልገባኝም።»

ውሰጂው ልላት አፌ ላይ ደርሷል።

«ክፍሉን አስተካክል» አለች በመጨረሻ። «መጥቼ በቀኝህ እቀመጣለሁ። ባቡሩ የሚመጣው በኔ በኩል ነው ማለት ነው። ካልሆነልኝ ግን ያለ ይሉኝታ እወስደዋለሁ።»

«ያለ ይሉኝታ» አልኳት።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ውሃ ልክን ጠራሁት። ስሱን ጣውላ አነሳን፣ ሱፉን ወደ ቀኙ መለስን።

«ዛሬ ደግሞ በማን ቃል ነው?» አለኝ።

«በማይኩ። መልሼ ተውሼዋለሁ።»

«ውሸታም ነው አላልክም?»

ነገርኩት። መዶሻውን ይዞ ሰማኝ። ከዚያ መሣሪያውን ከኪሱ አወጣና ወለሉ ላይ አስቀመጣት። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየናት። «ወለሉ ግን ልክ ነው» አለ። «ልክ ነው» አልኩት።

ምንጣፉን ባለቤቴ ወለሉ ላይ ተንበርክካ በእጇ ሰፋችው። ስፌቱ መሐል ለመሐል ይታያል። ስፒል ከንፈሯ ላይ ይዛ ታወራኝ ነበር፤ በግራዬ ስለሆነች ሁሉንም ሰማሁ።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ዳይሬክተሯ በቀኜ። ማይኩ ከፊታችን። ቀኑን ሙሉ።

ባቡሩ ሲመጣ አልሰማሁትም። የማየው እጇን ነው። ከጉልበቷ ላይ ቀስ እያለ ተነሳ፣ ከፍ አለ፣ ደረቷ ጋ ሲደርስ እኔም ድምፁን ከእጇ ጋር ከፍ አደረግኩት። ከዚያ አናቴ ላይ አልፎ ወደ ግራ ሲገባ ድንገት ሙሉ ባቡር ሆኖ ደረሰኝ። ደግመን ሠራነው፣ ደጋግመን ሠራነው። በመጨረሻ እጇ ሲወርድ ጉንጯ ረጥቧል።

«መጣ» አለች።

ማታውኑ አዳራሹ ውስጥ አስሞክራው ደወለችልኝ። አንድ ቦታ የበር ድምፅ አስቀንሳለች፤ ባቡሩን አልነኩትም። ከእንግዲህ ሌላ ሥራ ማን እንደሚሰጠኝ አላውቅም። መድኃኒቱም እስከ ዛሬ ምንም አላመጣም። ጭውታው አለ፤ መብራት ግን አልወቅስም።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

ዛሬ ፊልሙ ለሕዝብ ይታያል። ፈርቻለሁ። ጠዋት ቀድሜ ሄጄ አዳራሹን ለማየት ተነሳሁ። ሸሚዜን የተኮሰችልኝ እሷ ናት፤ ኮሌታዬን ያስተካከለችውም እሷ። የስፌት መኪናዋን ትናንት ወደ በሩ ግራ አዙረንላታል። ብርሃኑ እዚያ ያንሳል። «ይበቃኛል» ብላ ዘጋችው።

በሩን ከፈትኩ። መኪናዋን አቆመች፣ ቀና አለች።

«አይዞህ» አለች።

ጥርት ብሎ ገባኝ።

«ምን አልሽ?» አልኳት፣ እንድትደግመው።